መንገድን ከከባድ መኪናና ከተሳቢው ጋር በደኅና ስለ መካፈል

በመንደር ትምህርት ቤት ለመምህራንና ለሽማግሎች የሚነበብ ንግግር

ቀድሞ በኢትዮጵያ ምድር ሰው መንገድን የሚካፈለው ከበቅሎና ከአህያ፥ ከግመልና ከበሬ ጋር ነበረ። በቅሎ ከፊቷ ሰው ባየች ጊዜ ትቆማለች፤ ፈረስም ሕፃን ከእግሩ ሥር ቢወድቅበት ሳይረግጠው ለማለፍ ይሞክራል፤ እንስሳ ዓይንና ፍርሃት ያለው ፍጥረት ነውና። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ዓይን ለሌለው፥ ፍርሃትም ለማያውቀው ብረት ተከፈተ። ዛሬም ከጅቡቲ ወደብ ተነሥተው በጋላፊ፥ በሎጊያና በሚሌ አድርገው ወደ ደጋው የሚወጡት ባለ ተሳቢ መኪኖች በብዙ መንደር ደጃፍ ሌትና ቀን ያልፋሉ።

እነዚህ መኪኖች የመንደር ጠላቶች አይደሉም። ገበሬው ለማሳው የሚጠብቀው ማዳበሪያ፥ የወፍጮው ነዳጅ፥ የጤና ጣቢያው መድኃኒት በእነርሱ ጀርባ ይመጣል፤ ቡናውና ሰሊጡም በእነርሱ ወደ ባሕር ይወርዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡር በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራውን ቢጀምርም፥ ሐዲዱ በየመንደሩ አይደርስምና ዕቃው ዞሮ ዞሮ በመኪና ላይ ይጫናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መኪናውን መጥላት አይደለም፤ ጠባዩን ማወቅ ነው እንጂ።

ሰው ሁሉ የከባድ መኪናን ኃይል ያውቃል፤ ድካሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር ሦስት ነገር ማድረግ ይሳነዋል። ቶሎ መቆም አይችልም፤ ባጠገቡ ያለውን ማየት አይችልም፤ ጅራቱንም ራሱ በሄደበት ፈለግ መምራት አይችልም። በመንገድ ላይ ከሚሞተው ሰው አንዳንዱ የሚሞተው መኪናው የማይችለውን ነገር ይችላል ብሎ በማመኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም ደዌ ይልቅ የሞት ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። ይህ ዕድሜ የተማሪ ዕድሜ ነውና ነገሩ ትምህርት ቤትን ይመለከታል።

1ኛ፤ ቶሎ መቆም አለመቻሉ

አንድ ባለ ተሳቢ መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም፥ ይህን ጭነት ለማንሣት 800 አህዮች ያስፈልጋሉ። እንግዲህ 800 አህያ ከነጭነቱ በአንድ አካል ሆኖ ቁልቁል ሲሮጥ በአንድ ቃል ይቆማልን?

መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ሕፃኑን አይቶ፥ ልቡ ደንግጦ፥ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። የከባድ መኪና ፍሬን ደግሞ የሚሠራው በታመቀ አየር ስለ ሆነ፥ አየሩ በቱቦ ውስጥ አልፎ እስከ መጨረሻው የተሳቢ ጎማ እስኪደርስ ሌላ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ጎማው መሬቱን ነክሶ መጎተት የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ የተጫነ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፈጽሞ እስኪቆም 100 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ በዝናብ ጊዜ፥ ጎማው ባለቀ ጊዜና በቁልቁለት ግን ከዚህ ይበልጣል። ደግሞም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። ስለዚህ «ሾፌሩ አይቶኛል፤ ይቆምልኛል» የሚለው አሳብ ብዙዎችን ያሳስታል። ማየትና መቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በቁልቁለት ላይ ያለው ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ፥ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው፥ እንዲሁም የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በሾፌሮች ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ብልህ ሾፌር በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት አይረግጥም፤ ሳይለቀቅ የተረገጠ ፍሬን ግሎ ኃይሉን ያጣልና። ከቁልቁለት በታች ያለ መንደር ግን ከላይ የሚመጣው መኪና ፍሬኑ ግሎ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩም ብልህ እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በቁልቁለት ግርጌና በመታጠፊያ ጕልት መዘርጋት፥ ሕፃናትንም በዚያ ማጫወት አይገባም። ገበያን 200 እርምጃ ያህል ፈቀቅ ማድረግ የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ጥቅሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

2ኛ፤ ባጠገቡ ያለውን ማየት አለመቻሉ

ሾፌሩ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጦ ሩቁን አጥርቶ ያያል፤ ነገር ግን ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም። ከመኪናው ግንባር ፊት ተጠግቶ የሚያልፍ ሕፃን ከዓይኑ ፈጽሞ የተሰወረ ነው። በኢትዮጵያ የሾፌር መቀመጫ በስተ ግራ ስለ ሆነ፥ በስተ ቀኝ በኩል ባጠገቡ የሚሄደውን እግረኛ፥ ጋሪ ወይም ባጃጅ ብዙ ጊዜ አያይም። ከተሳቢው በስተ ኋላ ያለውንም ምንም አያይም።

ይህን ለማወቅ የሚያገለግል ቀላል ምልክት አለ። ከመኪናው አጠገብ ያለ ሰው በጎኑ መስታወት፥ ሾፌሮች ስፖኪዮ በሚሉት ውስጥ፥ የሾፌሩን ፊት ማየት ካልቻለ፥ ሾፌሩም እርሱን ማየት አይችልም። ቢያየውም እንኳ አይቶታል ብሎ መታመን አይገባም፤ ሾፌሩ በዚያች ጊዜ ወደ ሌላ ስፍራ ይመለከት ይሆናልና። ስለዚህ በቆመ መኪና ፊት ለማለፍ የሚፈልግ ሰው፥ ሞተሩ ቢጠፋም ቢነሣም፥ ብዙ እርምጃ ራቅ ብሎ ሾፌሩ ፊቱን እንዲያየው አድርጎ ይለፍ።

3ኛ፤ ጅራቱ ራሱን አለመከተሉ

ተሳቢ ማለት ሞተር የሌለው፥ በብረት ዘንግ ከፊተኛው መኪና ጋር ተያይዞ የሚጎተት ጋሪ ነው። ፊተኛው ከተሳቢው ጋር እስከ 18 ሜትር ያህል ይረዝማል። መኪናው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ በፈለገ ጊዜ ራሱ አስቀድሞ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ ይወጣል፤ ይህን ያየ ባለ ባጃጅ ወይም ባለ ሞተር ብስክሌት «መንገድ ለቀቀልኝ» ብሎ በቀኙ ይገባል። ነገር ግን የተሳቢው የኋላ ጎማ በፊተኛው ፈለግ አይሄድም፤ ማዕዘኑን አቋርጦ በውስጥ በኩል ይመጣልና የገባውን ሰው ከመንገዱ ዳር ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ፍሬቻው ብልጭ እያለ ወደ አንድ ወገን የሚያሳይ ከባድ መኪና በታየ ጊዜ፥ በዚያ ወገን ማለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ባዶ ተሳቢ ደግሞ ከተጫነው ያነሰ አደገኛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጭነት የሌለው ተሳቢ በመሬቱ ላይ ያለው ይዞታ ቀላል ስለ ሆነ፥ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ይዘልላል፥ ወደ ጎንም ይወናጨፋል። እግረኛም ከዚህ የተነሣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቅ ብሎ ይሂድ።

ሌላው ስሕተት ራሱ ሲያልፍ ሁሉም ያለፈ መምሰሉ ነው። ሕፃኑ ፊተኛው መኪና እንዳለፈ ይነሣል፤ ጅራቱ ግን ገና ነው። ጅራቱም ካለፈ በኋላ ከወዲያ በኩል የሚመጣውን ሌላ መኪና የተሳቢው ግድግዳ ሰውሮት ይቆያል። ስለዚህ መኪናው ፈጽሞ አልፎ፥ ርቆ፥ መንገዱ በሁለቱም ወገን እስኪገለጥ ድረስ መታገሥ ይገባል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመንገድ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

በፊተኛውና በተሳቢው መካከል፥ በዘንጉ ላይ ተሻግሮ ማለፍ፥ በዳገት ጊዜም ከተሳቢው ጀርባ መንጠልጠል በአንዳንድ መንደር የልጆች ጨዋታ ሆኗል። ይህን ጨዋታ ያየ ትልቅ ሰው ሁሉ፥ ልጁ የማንም ቢሆን፥ እንደ ወላጅ ሆኖ ሊከለክለው ይገባል።

4ኛ፤ መምህሩ በሜዳ ላይ የሚያሳየው ትምህርት

ሕፃን በጆሮው የሰማውን ይረሳል፤ በእግሩ የለካውን ግን አይረሳም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ አውጥቶ ይህን ያሳያቸው።

አስቀድሞ 18 ሜትር በገመድ ለክቶ በጭረት ያመልክት፤ ተማሪዎቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው በጭረቱ ላይ ይቁሙ። ይህ የባለ ተሳቢው ርዝመት ነው። ቀጥሎ 100 ሜትር ይለካ፤ ይህ ሾፌሩ ሕፃኑን ካየበት ጊዜ ጀምሮ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ነው። አንድ ተማሪ በአንደኛው ጫፍ፥ ሌላው በሁለተኛው ጫፍ ቆመው ይተያዩ። ያን ጊዜ «ይቆምልኛል» የሚለው ቃል ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል።

ሁለተኛ፥ አንድ ተማሪ በጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሰፊ ሰሌዳ በደረቱ ፊት ይያዝ፤ ታናሽ ልጅም ከጠረጴዛው ሥር ይቀመጥ። በላይ የቆመው ሩቁን ዛፍ እያየ ከእግሩ ሥር ያለውን ልጅ ሊያይ አይችልም። ሦስተኛ፥ ተማሪዎች የተወጠረ ገመድ ይዘው በተከታታይ ሆነው በአንድ ችካል ዙሪያ ይታጠፉ፤ ፊተኛው ሰፊ ቢዞርም የኋለኛው ወደ ችካሉ እየተጠጋ ሲመጣ ያያሉ። የተሳቢውም ጎማ እንዲሁ ነው።

አራተኛው ግን ሒሳብ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማል። የአስፋልቱ ስፋት 7 ሜትር ቢሆን፥ ሕፃኑም በሰከንድ 1 ሜትር ቢራመድ፥ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 154 ሜትር ያህል ይመጣል። ጥጃ የሚጎትት ልጅ ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ 12 ሰከንድ ቢፈጅ፥ መኪናው 264 ሜትር ይመጣል። ታናናሽ ልጆች ደግሞ የሚመጣን ነገር ፍጥነት በዓይን መገመት ገና አይችሉም፤ ትልቁ መኪና በሩቅ ሲታይ የቆመ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ግምቱን ከልጁ ላይ ማንሣት ይገባል።

ይህም የሚሆነው እንዲህ ነው። መምህሩና ሁለት ሽማግሎች ተማሪዎች ከሚሻገሩበት ስፍራ ተነሥተው፥ ከአስፋልቱ ውጭ እየሄዱ፥ በ50 ሜትር ገመድ ስድስት ጊዜ ለክተው በወዲያና በወዲህ 300 ሜትር ያግኙ። በዚያ ያለውን ዛፍ ወይም ትልቅ ድንጋይ ኖራ ቀብተው ምልክት ያድርጉ። ለልጆችም አንድ ሕግ ይሰጥ፤ ይኸውም መኪና ከምልክቱ ወዲህ ሳለ ማንም አይሻገርም የሚል ነው። ምልክቱን ለማየት የማይቻልበት መታጠፊያ ወይም ጉብታ ቢሆን ደግሞ፥ ያ ስፍራ መሻገሪያ አይደለምና መሻገሪያው ይዛወር። ሌሊትና ጉም በሆነ ጊዜ ምልክቱ አይታይምና ልጅ ብቻውን አይሻገር።

እግረኛ በመንገድ ዳር ሲሄድ ግራውን ይዞ እንዲሄድ ልጆች ሁሉ ይማሩ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመኪናን ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራለች፤ ስለዚህ ግራውን የያዘ እግረኛ በቅርቡ የሚያልፈውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል፤ ቀኙን የያዘ ግን ሞት ከጀርባው ሲመጣበት አያይም።

5ኛ፤ ስለ እረኛውና ስለ ጥጃው

እስካሁን የተነገረው በመምህሩ እጅ ያለ ነው። የሚከተለው ግን በወላጆችና በሽማግሎች እጅ ነው፤ ከዚህ በላይ ከተነገረውም ሁሉ ይከብዳል።

ዘጠኝ ዓመት የሆነው አንድ እረኛ ከብቱን በመንገድ ዳር ያግዳል እንበል። ትምህርቱን ተምሯል፤ የኖራውን ምልክት ያውቃል። ከባድ መኪና ምልክቱን አልፎ ሲመጣ ያያል። በዚያች ጊዜ ጥጃዪቱ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። ልጁ ምን ያደርጋል? ያለ ጥርጥር ተከትሎ ይሮጣል። የሚሮጠው ሕጉን ስላላወቀ አይደለም፤ ጥጃዪቱ ብትሞት ማታ በቤት የሚጠብቀውን ቁጣና በትር ስለሚያውቅ ነው እንጂ። መኪናው ለእርሱ እንግዳ ነው፤ የአባቱን ቁጣ ግን ይለየዋል። ሰውም ሁሉ ከማያውቀው ነገር ይልቅ የሚያውቀውን ይፈራል።

ስለዚህ ይህን ልጅ ከሞት የሚያድነው ቃል ከመምህሩ አፍ ብቻ ሊወጣ አይችልም። አባት አስቀድሞ፥ ከብቱን ለማሰማራት ከመውጣቱ በፊት፥ በግልጥ ቃል ሊነግረው ይገባል፤ «ጥጃዪቱ ወደ መንገድ ብትወጣ ተዋት፤ ብትሞትም አልጠይቅህም» ብሎ። ይህም ቃል አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚተው አይደለም፤ ልጁ እውነት መሆኑን እስኪያምን ድረስ ይደጋገማል። ጥጃዪቱም በእውነት የሞተች ቀን አባት ቃሉን ጠብቆ በትሩን ሳያነሣ ቢቀር፥ የዚያ መንደር ልጆች ሁሉ ይሰሙታል፤ ይድናሉም። ቃሉን አፍርሶ ቢመታው ግን፥ የተማሩት ትምህርት ሁሉ በአንድ ማታ ይፈርሳል።

ጥጃ ለድኻ ገበሬ ትልቅ ሀብት መሆኗ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥጃ በሌላ ዓመት ትወለዳለች፤ ላም በእርባታ ወይም በመረዳጃ ዕድር ትገኛለች። ልጅ ግን አይተካም። ይልቁንም የመንገድ ዳር ግጦሽን ለትልልቅ ሰዎች ትቶ፥ ልጆችን ከመንገድ በራቀው መስክ ማሰማራት ከሁሉ የሚሻል ነው።

6ኛ፤ ስለ ቆመና ስለ ተገለበጠ መኪና

ከባድ መኪና በመንገድ ላይ በተበላሸ ጊዜ ረዳቱ ለኋላ መጪ ምልክት እንዲሆን ድንጋይና ቅጠል በአስፋልቱ ላይ ይደረድራል። የሚያንጸባርቀው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከዚህ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ሌላ በሌለ ጊዜ ቅጠሉም ሰውን ያድናል። ክፉው ነገር ግን መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ በዚያው መቅረቱ ነው። ሲመሽ የመጣ ባለ ሞተር ወይም ባለ ጋሪ በዚያ ይሰናከላል። «እሾህ ላጣሪው» ሳይባል፥ የመንደሩ ሰው ሾፌሩን ድንጋዩን አንሥቶ እንዲሄድ ያስታውሰው፤ ሄዶም ከሆነ መንገዱ ባዶ ሲሆን ትልልቆች ያንሡት። ጋሪ ያለውም ሰው በስተ ኋላዋ የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጥፍባት፤ በጨለማ ያለ ብርሃን የምትሄድ ጋሪ ለሾፌሩ የምትታየው መቆም ከማይችልበት ርቀት ላይ ነውና።

ነዳጅ የጫነ ቦቴ በተገለበጠ ጊዜ ደግሞ ማንም ሰው ጀሪካን ይዞ አይቅረብ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በታንዛንያ አገር በሞሮጎሮ ከተማ አጠገብ የተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰበሰበ ሕዝብ እሳት ተነሥቶበት ከ100 የሚበልጥ ሰው ሞቷል። የቤንዚን ትነት ለዓይን አይታይም፤ በነፋስ ርቆ ሄዶ ከአንድ የሲጋራ ፍም ወይም ከአንድ ሞተር ብልጭታ ይቀጣጠላል። በዚህ ጊዜ የሽማግሌ ሥራ ሕዝቡን ማራቅ፥ ምድጃ ማስጠፋት፥ ለፖሊስም ማስታወቅ ነው።

መደምደሚያ

በኢትዮጵያ ልማድ በመንገድ ላይ ሰው በሞተ ጊዜ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሾፌሩን ወገንና የሟቹን ወገን ያነጋግራሉ፤ ካሣ ይቈርጣሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ይህ የተከበረ ሥራ ነው፤ ቂምን ያጠፋልና። ነገር ግን ሟቹን አያስነሣም።

እነዚያው ሽማግሎች በዚያው ዛፍ ሥር፥ ማንም ሳይሞት፥ አንድ ጊዜ ቢቀመጡ ምን ይጎድላል? የሚወስኑት ጥቂት ነው፤ የመሻገሪያውን ስፍራ መምረጥ፥ በ300 ሜትር ላይ ምልክት ማቆም፥ ጕልቱን ከመታጠፊያ ማራቅ፥ ትምህርት ቤት በሚገባበትና በሚለቀቅበት ሰዓት ሁለት ትልልቅ ሰዎችን በመንገዱ ዳር በተራ ማቆም፥ ለእረኛ ልጆችም ሁሉ በአባቶቻቸው ፊት «ስለ ከብት አትጠየቁም» ብሎ ቃል መስጠት። ከመንደሩ ልጆች ሾፌር የሆነ ቢኖርም ተጠርቶ ይቀመጥ፤ ከመሪው ኋላ ሆኖ የሚያየውንና የማያየውን ይናገር፤ በመንደር ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱን እንዲቀንስም ይመከር፤ መንገዱ የሁለቱም ወገን ነውና።

ይህ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ገመድ፥ አንድ ቁና ኖራና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። ከባዱ መኪና ነገም ያልፋል፤ መቆም አይችልም፤ መቆም የሚችለው ሰው ነው።